በሩቅ ያለ መራጭና የመጀመሪያው ድምፁ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ሕዝብ ምርጫ ለመናገር የሚነሣ ሰው ሊመረምረው የሚገባው፣ ማን ይመርጣል የሚለውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ መራጩ ድምፁን ከወዴት ሆኖ ይሰጣል የሚለውንም ጭምር ነው። በምርጫው ቀን በሰፈሩ የሚገኝ ሰው ወደ ምርጫው ጣቢያ ሄዶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ወረቀቱን ከሣጥኑ ጨምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዳሩ ግን በጦር ግንባር ያለው ወታደር፣ በሩቅ ከተማ የሚማረው ተማሪ፣ በባቡር ላይ ውሎ የሚያድረው ሠራተኛ መብታቸው በሰፈራቸው፣ አካላቸው ግን በሌላ ስፍራ ነው። ይህ በሩቅ ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት መርጦ የማያውቅ ጀማሪ የሆነ እንደ ሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። መዝገብ ያዡ ፊቱን አላየውም፤ ፊርማውን አያውቀውም፤ የሚያነጻጽርበትም የቀድሞ ድምፅ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ታሪክ በተለይ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት እንመለከታለን። እዚያ አገር ጉዳዩ ከ150 ዓመት በላይ በሕግ አውጪዎች ሸንጎና በፍርድ ቤት ሲከራከሩበት የኖረ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በሕግ ተጽፎ ይገኛል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን በሙሉ የሚመሩት ሁለት ፍርሃቶች ናቸው። አንደኛው፣ የመብቱ ባለቤት ሩቅ በመሆኑ ብቻ ድምፁን ያጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ በሌለበት ሌላ ሰው በስሙ ይመርጥበታል የሚለው ነው። ሁለቱም እውነተኛ ፍርሃቶች ናቸው፤ ሁለቱም በየዘመናቸው ደርሰው ታይተዋል። ጥያቄው እንግዲህ ሁለተኛውን ፍርሃት ለመከላከል የሚወጣው ሕግ ሸክሙን በማን ትከሻ ላይ ያኖረዋል የሚል ነው።

በአሜሪካ የምርጫውን ጊዜ፣ ስፍራና አኳኋን መወሰን በመጀመሪያ ደረጃ ለየግዛቶቹ ሸንጎዎች የተተወ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በፊት መራጭ ማለት በሰፈሩ በአካል ቀርቦ ድምፁን የሚሰጥ ሰው ማለት ነበር። የፔንሲልቬንያ ግዛት በ1813 ወታደሮቿ ከሰፈሩበት ሆነው እንዲመርጡ ፈቅዳ ነበር፤ ነገር ግን በ1862 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ምክንያቱም የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መራጩ በሚኖርበት ወረዳ እንዲመርጥ ያዛል፤ የጦር ሰፈር ደግሞ የምርጫ ወረዳ አይደለም የሚል ነበር። ፍርዱ ከቃሉ አንጻር ሲታይ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው ግን አገሩን ለማዳን የዘመተው ሰው በዘመቻው ምክንያት መብቱን እንዲያጣ ማድረግ ነበር። ስለዚህም ፔንሲልቬንያ በ1864 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ መብቱን መለሰች።

እስከዚያው ዓመት ምርጫ ድረስ ከኅብረቱ 25 ግዛቶች 19ኙ ለወታደሮቻቸው የሚሆን ሕግ አውጥተው ነበር። የተከተሉት መንገድ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዳንዶቹ የምርጫውን ሣጥን ወደ ጦሩ ሰፈር ሰደዱ፤ ሌሎቹ፣ ኒው ዮርክን የመሰሉት፣ ወታደሩ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ለአንድ ወኪል እንዲልክና ወኪሉ በሰፈሩ እንዲያቀርብለት ፈቀዱ። የወታደሮቹ ድምፅ ለብቻ በተቆጠረባቸው 12 ግዛቶች አብርሃም ሊንከን 119,754፣ ተወዳዳሪው ጄኔራል ማክሌላን 34,291 ድምፅ አገኙ። ከእነዚህ ወታደሮች ውስጥ ብዙዎቹ ከ1860 ምርጫ በኋላ 21 ዓመት የሞላቸው ስለ ነበሩ፣ ፕሬዚዳንት ሲመርጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ኢንዲያና፣ ኢሊኖይና ኒው ጀርሲ ግን አልፈቀዱም። ስለዚህ ሊንከን በሴፕቴምበር 1864 ለጄኔራል ሸርማን ደብዳቤ ጽፈው፣ ለጦሩ ደኅንነት የማያሰጋ እስከ ሆነ ድረስ የኢንዲያና ወታደሮች ለምርጫው ወደ አገራቸው እንዲሄዱ ቢደረግ መልካም መሆኑን አሳሰቡ።

ሁለተኛው ፍርሃት መሠረት የሌለው እንዳልነበረም ያው ዓመት አሳይቷል። የኒው ዮርክን ወታደሮች ድምፅ እንዲሰበስቡ የተላኩ ወኪሎች የወታደሮችን ስም በሐሰት እየፈረሙ ወረቀት ሲልኩ ተገኝተው፣ በጦር ፍርድ ሸንጎ ቀርበው ተፈረደባቸው። ከሐሰት ፈራሚዎቹ ይልቅ የተበደለው፣ ስሙ የተነሣበት ወታደር ነበር። እርሱ ከግንባር ሆኖ መምረጡንም አለመምረጡንም ሳያውቅ፣ በስሙ ሌላ ሰው ሲናገር ነበር።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ ከወታደር ወደ ሲቪሉ ሕዝብ ተሻገረ። የቨርሞንት ግዛት በ1896 ከሰፈሩ የራቀ መራጭ በግዛቲቱ ውስጥ በሚገኝበት ስፍራ እንዲመርጥ ፈቀደች። ካንሳስ በ1901 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ በተለይ ያሰበችው ለምድር ባቡር ሠራተኞች ነበር። ባቡሩ በምርጫው ቀን አይቆምምና፣ የሚነዳው ሰው በየዓመቱ መብቱን ይከስር ነበር። ሰሜን ዳኮታ በ1913 በፖስታ መምረጥን ፈቀደች፤ ከዚያም በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከተሉ።

በአውሮፓም ቢሆን መነሻው ጦርነት ነበር። እንግሊዝ በ1918 ባወጣችው የምርጫ ሕግ ወታደሮች በፖስታ ወይም በወኪል እንዲመርጡ ፈቅዳ፣ በጦርነቱ ያገለገሉትን ወጣቶች ከ19 ዓመታቸው ጀምሮ መራጭ አደረገቻቸው። ምርጫው በዲሴምበር 14 ቀን ተደርጎ ቆጠራው እስከ ዲሴምበር 28 ቀን የዘገየው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የወታደሮች ድምፅ እስኪደርስ ድረስ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንግሥት ወታደሩን «ፈጥነህ ላክ» በማለት ብቻ ሳይወሰን ራሱም ሁለት ሳምንት መጠበቁ ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። በ1942 የወጣው ሕግ ወታደሩ በጦርነት ጊዜ በሩቅ ሆኖ እንዲመርጥና፣ በደቡብ ግዛቶች ይጠየቅ የነበረውን የምርጫ ግብር ሳይከፍል ድምፁን እንዲሰጥ አዘዘ። ሕጉ ግን ምርጫው በተቃረበበት ወራት ስለ ወጣ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለወታደሩ ሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት የፌዴራል የምርጫ ወረቀት እንዲኖር ጠየቁ። ብዙ የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ተቃወሙ፤ ይህ ወረቀት የተፈቀደ እንደ ሆነ በአገራቸው ከምርጫ ተከልክለው የኖሩት ጥቁር ወታደሮች ይመርጣሉና። በመጨረሻ የወጣው ሕግ ፌዴራሉን ወረቀት በብዙ ቅድመ ሁኔታ አጠረው፤ ወታደሩ በመጀመሪያ የግዛቱን ወረቀት ጠይቆ ሳያገኝ የቀረ እንደ ሆነ፣ ገዢውም የፈቀደ እንደ ሆነ ብቻ እንዲሠራበት አደረገ። ያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ወታደሮች በአብዛኛው በየግዛታቸው ወረቀት መርጠዋል። ከዚህ የምንማረው፣ «ሌላ ሰው እንዳይመርጥበት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ «እርሱ ራሱ እንዳይመርጥ» ለሚል አሳብ መሸፈኛ ሊሆን መቻሉን ነው።

ከዚያው ጦርነት ሌላ ጥያቄ ተወለደ። በ18 ዓመቱ ለጦርነት የሚጠራ ልጅ በ21 ዓመቱ ብቻ ለምን ይመርጣል? የጆርጅያ ግዛት በ1943 ዕድሜውን ወደ 18 ዝቅ አደረገች። በመላው አገር ግን ነገሩ የተፈጸመው በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ በ1971 ሃያ ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጸደቀ ጊዜ ነው። 11 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ መራጮች በአንድ ጊዜ ተጨመሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ይማሩ ነበር፤ ስለዚህ ጀማሪው መራጭና ሩቅ ያለው መራጭ በአብዛኛው አንድ ሰው ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ተማሪው በሁለት በሮች መካከል ቆመ። በወላጆቹ ሰፈር ልምረጥ ቢል በፖስታ መሆኑ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ከተማ ልመዝገብ ቢል «አንተ እንግዳ ነህ» ይባላል። በቴክሳስ ግዛት በዋለር አውራጃ፣ መዝጋቢው ሹም የፕሬሪ ቪው ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎችን ንብረት አላችሁ ወይ፣ ትምህርታችሁን ስትጨርሱስ እዚህ ትኖራላችሁ ወይ እያለ በልዩ የጥያቄ ወረቀት ይመረምራቸው ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1979 ተማሪዎቹ ረቱ። ሌሎች ነዋሪዎች የማይጠየቁትን ተማሪ ሊጠየቅ አይገባም ተባለ።

ዛሬ በጀማሪው ላይ ወደሚሠሩት ሕጎች እንሻገር። በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የመራጮች ምዝገባ ሕግ ዜጋው በፖስታ እንዲመዘገብ መንገድ ከፈተ። ነገር ግን ያው ሕግ ለግዛቶች አንድ ነገር ፈቀደላቸው፤ ይኸውም በፖስታ የተመዘገበና በዚያ ወረዳ መርጦ የማያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያውን ድምፁን በአካል ቀርቦ እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላሉ። ወታደሮችና በባሕር ማዶ ያሉ ዜጎች ግን ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ለእነርሱ በ1986 የወጣ ራሱን የቻለ ሕግ አለ፤ በ2009ም ተሻሽሎ የምርጫው ወረቀት ከምርጫው ቀን 45 ቀን አስቀድሞ እንዲላክላቸው ታዟል።

በ2000 የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በፍሎሪዳ ቆጠራ ከተጨቃጨቀ በኋላ፣ ኮንግረስ በ2002 ሌላ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ በፖስታ ተመዝግቦ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌዴራል ምርጫ የሚሳተፍ ሰው ማንነቱን ማስረዳት አለበት። ፎቶግራፍ ያለበት የጸና መታወቂያ ከሌለው፣ ስሙና አድራሻው የተጻፈበትን የመብራት ወይም የውሃ ሒሳብ፣ የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ቼክ ወይም ሌላ የመንግሥት ወረቀት ማቅረብ ይበቃዋል። በፖስታ የሚመርጥ ከሆነ ቅጂውን ከድምፁ ጋር አብሮ ይልካል። ሲመዘገብ ቅጂውን የላከ፣ ወይም የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር አለዚያም የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች ሰጥቶ ከመንግሥት መዝገብ ጋር የተስማማለት ሰው ግን ዳግመኛ አይጠየቅም። ማስረጃ ሳይዝ የቀረበ ሰውም ቢሆን ተመለስ አይባልም፤ ድምፁ ለብቻ ተቀምጦ መራጭነቱ ከተጣራ በኋላ ይቆጠራል።

በአገራችን በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋች «ዋስ ጥራ» ይባል እንደ ነበር የታወቀ ነው። የ2002ቱ ሕግ በዚህ ዓይን ሲታይ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። የመብራቱ ሒሳብና የባንኩ መግለጫ የጀማሪው ዋሶች ናቸውና። ዋሱ ወረቀት ስለ ሆነ በፖስታ ሊላክ ይችላል፤ ባለቤቱ መንገድ መምታት የለበትም። በ1993ቱ ሕግ የተፈቀደው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዋስ ቢጠራም «ራስህ ካልመጣህ» የሚል ነው። ሩቅ ለመሆኑ መፍትሔ የሚፈልገውን ሰው «ቅረብና ሩቅ መሆንህን አስረዳ» እንደ ማለት ይቆጠራል።

ይህ ሸክም በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚሺጋን ግዛት ታሪክ ያስረዳል። በዚያ በ1999 የወጣ ሕግ በመራጮች መዝገብ ያለው አድራሻና በመንጃ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ አንድ እንዲሆን አዘዘ። ከዚህም ጋር በፖስታ የተመዘገበ ጀማሪ የመጀመሪያውን ድምፅ በአካል ቀርቦ ይስጥ የሚለው ደንብ ነበር። እያንዳንዱ ሕግ ለብቻው ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን ለተማሪው ወጥመድ ሆኑበት። በወላጆቹ አድራሻ የተመዘገበው ተማሪ ለመምረጥ በሥራ ቀን፣ በትምህርት ሰዓት፣ ብዙ መንገድ ተጉዞ ወደ ትውልድ ከተማው መሄድ ነበረበት። በትምህርት ቤቱ ከተማ ሊመርጥ ቢፈልግ ደግሞ የመንጃ ፈቃዱን አድራሻ መለወጥ ነበረበት። በ2018 የግዛቲቱ ሕዝብ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ማንም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ በፖስታ እንዲመርጥ ወሰነ፤ በአካል ቅረብ የሚለው የጀማሪ ደንብም በዚያው ቀረ። በቴኔሲ ግዛትም ተመሳሳይ ደንብ ነበር፤ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የፌዴራል ዳኛ ለዚያ ዓመት ምርጫ እንዲታገድ አዘዋል።

በሌላ በኩል ግን ጥንቃቄ ሁሉ ተንኰል ነው ብሎ መናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ2018 በሰሜን ካሮላይና በዘጠነኛው የምርጫ ክልል የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ልዩነት 905 ድምፅ ብቻ ነበር። ሲመረመር ለአንደኛው ተወዳዳሪ የሚሠሩ ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የፖስታ ድምፆችን ከመራጮች እጅ በሕገ ወጥ መንገድ መሰብሰባቸው ታወቀ። የምርጫው ቦርድ ውጤቱን ሳያጸድቅ ቀርቶ በ2019 አዲስ ምርጫ አስደረገ። በ1864 የተፈራው ነገር ከ150 ዓመት በኋላም ሊደርስ መቻሉን ይህ ያሳያል። ነገር ግን ወንጀሉን የሠሩት ድምፅ ሰብሳቢዎቹ እንጂ ጀማሪዎቹ መራጮች አልነበሩም፤ የተገኘውም በምርመራ እንጂ ተማሪን ከሩቅ በማስጠራት አልነበረም።

በዘመናችን ለጀማሪው የቀረው ትልቁ ፈተና ፊርማ ነው። በብዙ ግዛቶች የፖስታ ድምፅ ሲደርስ በውጪኛው ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ በመዝገቡ ካለው ጋር ይተያያል። አረጋዊው መራጭ ለአርባ ዓመት ሲፈርም የኖረ ስለ ሆነ ፊርማው ጸንቷል። ወጣቱ ግን ነገሩን ሁሉ በስልክ ስለሚፈጽም በብዕር የሚፈርምበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዛሬ የፈረመውም ነገ ከሚፈርመው ይለያል። በልዩ ልዩ ግዛቶች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የወጣቶችና የአዲስ መራጮች የፖስታ ድምፅ ከሌላው መራጭ ይልቅ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ማታለል ሳይሆን፣ መዘግየት፣ ፊርማ መርሳት ወይም የፊርማ አለመመሳሰል ነው። ስለዚህ ብዙ ግዛቶች ድምፁን ከመጣል በፊት መራጩን አስጠንቅቀው፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ጉድለቱን እንዲያርም የሚያስችል ደንብ አውጥተዋል። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ከሸክሙ ድርሻውን ወስዷልና።

ይህ ታሪክ ወገኖቻችንንም ይነካል። በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በሚኒሶታ፣ በሌላም ስፍራ የሚኖሩ፣ ዜግነት የተቀበሉ ኢትዮጵያውያን ተወላጆች በ30 ወይም በ50 ዓመታቸው ጀማሪ መራጮች ይሆናሉ። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በፖስታ መምረጥን ቢወድ አይፈረድበትም። ስሙ በአንዱ ወረቀት ከአባቱ ስም ጋር፣ በሌላው ከአያቱ ስም ጋር የተጻፈ እንደ ሆነ ግን፣ ወይም ከግእዝ ፊደል ወደ ላቲን ሲገለበጥ በሁለት ዓይነት የተጻፈ እንደ ሆነ፣ መዝገብና ማስረጃ እንዳይስማሙበት ያሰጋል። ስለዚህ ሲመዘገብ የሚጽፈው ስም በመታወቂያው ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ለእርሱ ታላቅ ጥቅም አለው።

በአገራችንም ቢሆን ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ መኖሪያው በሆነበት ወይም ዘወትር በሚገኝበት የምርጫ ክልል እንዲመርጥ ፈቅዶ ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን ሲመርጥ ከመራጮቹ እጅግ የሚበዙት ጀማሪዎች ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዕድሜውን 18 አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግም ከመኖሪያቸው ርቀው በካምፕ ላሉ ወታደሮችና በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ላሉ ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ይህ በ1864 ሣጥኑን ወደ ጦሩ ሰፈር የሰደዱት ግዛቶች የመረጡት መንገድ ነው፤ ድምፁ ወደ ሣጥኑ ከሚጓዝ ሣጥኑ ወደ ባለ ድምፁ ይጓዛል። ፖስታ በየቤቱ በማይደርስበት አገር ይህ መንገድ የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የጀማሪውን ማንነት መጠየቅ በደል አለመሆኑን ነው። በደል የሚሆነው ጥያቄው ሊመልሰው በማይችልበት ስፍራና ሰዓት ሲቀርብለት ነው። ቅጹ ዘግይቶ የሚላክ፣ ማስታወቂያው በማይነበብ ቃል የሚጻፍ፣ ጉድለቱ ሳይነገረው ድምፁ የሚጣል እንደ ሆነ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ የሰጠውን መብት ጽሕፈት ቤቱ ይወስድበታል። ይህም የሚደርሰው በክፉ ልብ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደንቦች ሲጋጠሙ ምን እንደሚያስከትሉ አስቀድሞ ባለመመልከት ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምናረቅና ቅጽ የምናዘጋጅ ሁሉ፣ ሥራችንን ከመፈጸማችን በፊት ያንን በሩቅ ያለ ጀማሪ በዓይነ ሕሊናችን ማቆም ይገባናል። ወረቀቱ በስንት ቀን ይደርሰዋል? የሚጠየቀውን ማስረጃ ካለበት ሆኖ ሊያገኘው ይችላልን? ቢሳሳትስ የሚያርምበት ቀን አለውን? በመጀመሪያው ቀን ድምፁ የተጣለበት ወጣት ሁለተኛ ጊዜ ለመምረጥ ልቡ አይነሣሣም፤ የተቆጠረለት ግን ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ያውቀዋል፤ ፊርማውም ለሚቀጥለው ምርጫ ዋስ ይሆነዋል።